ድምፅ የሌላት ጀልባ

ጸደንያ ከቢቸና ስትመለስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘቅዝቃ ነበር። ቶርኖ ቤት ያስቀረጸችውን፣ ለጥምቀት የምታሰናዳትን የሪሞት ጀልባ መጠባበቂያ ዘንግ በጋዜጣ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛለች። ማክሰኞ የጠፋው የሞጣ መብራት እስካሁን አለመምጣቱን ከሚኒባሱ ሳትወርድ ሰማች። ረቡዕ ነው፤ ጥምቀት ቅዳሜ ይውላል፤ ባትሪውን በምን እንደሚሞሉት እያሰበች የወርክሾፑን በር ገፋችው።

በሩ አልተቆለፈም። መጀመሪያ ያየችው መሞከሪያው ገንዳ ላይ የተንሳፈፈችውን ጀልባ ነበር። ቀጥላ ጀልባዋን አብረዋት የሚሠሩትን ጋሽ ገብረ ሕይወትን አየች። ከገንዳው አጠገብ ተንበርክከው፣ ደረታቸው ጠርዙ ላይ አርፎ፣ ራሳቸውና ቀኝ ክንዳቸው ውሃው ውስጥ ገብተዋል። የጀልባዋን ሥር የሚፈትሹ መስሏት ቀና እስኪሉ ጠበቀች። ቀና አላሉም። ዓይኗ ወደ ወለሉ ሲወርድ ሁለት ርግቦች ክንፋቸውን ዘርግተው ሞተዋል። ያን ጊዜ ዘንጉ ከብብቷ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ጮኸ፤ እሷም ጮኸች።

ቀድመው የደረሱት ቄስ ፍቅረ ሥላሴ ነበሩ። ወርክሾፑ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ ቅዳሴውም ከወጣ ብዙ አልቆየም። ቄሱ የጋሽ ገብረ ሕይወት የልብ ወዳጅና የሥራ ባልደረባ ናቸው። እንደዚያም ሆኖ ደፉን አላለፉም።

«ቆርቤያለሁ ልጄ» አሉ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ዛሬ ገላዬን ውሃ ማስነካት አይሆንልኝም። ሌሎች ያውጡት።»

ወደ በሩ ስትሸሽ ክንዳቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉ። የቀሚሳቸው እጅጌ አንገቷን ሲነካት ቅዝቃዜው እስከ እግር ጥፍሯ ወረደና ተንቀጠቀጠች። ከዚያ ሰው ሞላ፤ ሬሳው ወጣ፤ ዋይታው ቀለጠ። አንዱ ርግቦቹን እያሳየ የጥምቀተ ባሕሩ መልአክ ተቆጥቶ ነው አለ። ሌላው መልአክ ምን አደረገ፣ ኤሌክትሪክ ውሃ ውስጥ የከተተችው እሷ አይደለችም ወይ አለ። በመልአኩ የሚያምነውም በኤሌክትሪክ የሚያምነውም ዞሮ ዞሮ ጸደንያን አየ። ያን ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ አደረች።

ነገሩ የተጀመረው አምና ነው። ሞጣ ላይ ጧፍ የተተከለበት መስቀል በጥምቀት ጥዋት ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። የአውቶሞቲቭ አስተማሪው ገብረ ሕይወት ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ የሪሞት ጀልባ ቀፎ፣ ሰው የሚያስተኛ፣ ገዝተው አመጡና መስቀሉን እሷ ትሸከመው አሉ። ቄስ ፍቅረ ሥላሴ ከመቀሰሳቸው በፊት የወፍጮ መካኒክ ስለነበሩ የሣር ማጨጃ የቤንዚን ሞተር ገጠሙላት። ታዲያ ጀልባዋ ባደባባይ ስትነሳ ጩኸቷ ወረቡን ዋጠው፤ ጭሷ የደብሩ አለቃ ፊት ላይ ቦነነ፤ ሕዝቡ ሳቀ። አለቃው «ወፍጮ ቤት ነው እንዴ ያመጣችሁን?» አሉ ይባላል። ቄስ ፍቅረ ሥላሴ ያን ቀን የሚገቡበት ጉድጓድ ጠፋቸው።

ዘንድሮ የተፈቀደው በአንድ ቃል ነው፤ ድምፅ ካላት ትቅር። ቄሱ በሰበካ ጉባኤው ፊት ቆመው በዚህ ዓመት ከዚያ ወርክሾፕ የሞተር ድምፅ የሰማ ሰው ቢኖር እኔን ይጠይቅ ሲሉ ቃል ገቡ። ኤሌክትሪክ የተማረችው ጸደንያ የተጠራችው ለዚህ ነበር። ቤንዚኑን ሞተር ነቅላ አወጣች፤ የጭስ ማውጫውን ቀዳዳ ደፈነች፤ በምትኩ የኤሌክትሪክ ሞተር አስገብታ ሁለት የባጃጅ ባትሪ አያያዘች። ማክሰኞ ዕለት ባትሪው እስኪያልቅ ገንዳው ላይ ስታስኬዳት ውሃው ቀፎዋን ሲልስ ብቻ ነበር የሚሰማው። ጋሽ ገብረ ሕይወት እንደ ሕፃን አጨብጭበው ነበር።

ሐሙስ ጥዋት ከቢቸና መርማሪ መጡ። ኢንስፔክተር ፀሐይነሽ ይባላሉ፤ ሃምሳውን ያለፉ፣ ወፈር ያሉ፣ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ የሚይዙ ሴት ናቸው። ከኪሳቸው የሽምብራ ቆሎ እየዘገኑ ይጠይቃሉ፤ ሰው ሲዋሻቸው ማላመጥ ያቆማሉ እየተባለ ይወራል። ጸደንያን ከጣቢያው አስወጥተው ወርክሾፑ ድረስ በእግር ወሰዷት። በመንገድ ላይ አላፊው ሁሉ ከጸደንያ ሲሸሽ እሳቸው ቆሎ ዘርዘር አድርገው መዳፏ ላይ አኖሩላት። መብላት አልቻለችም።

«ይህ ባትሪ ሰው ይገድላል?» አሏት ገንዳው ዘንድ ሲደርሱ።

«ዶሮም አይገድል።»

«እንግዲያ ምን ያንቀጠቅጥሻል?»

«ሰው ሞቷላ!»

እውነቷን ነው። የተማረችውን ታውቃለች፤ ሃያ አራት ቮልት ጣት እንኳ አይነዝርም። ነገር ግን ጣቢያው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ ስታድር እያንዳንዱን ሽቦ በሐሳቧ ፈትታ መልሳ አስራለች። አንዱን መጋጠሚያ በብየዳ ፈንታ በፕላስተር ጠቅልላው ነበር። ልባቸው ደካማ ከነበረስ? እኔ የማላውቀው ነገር ካለስ? ከወህኒው በላይ የሚያስፈራት ይህ ነበር፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ትክክል ቢሆንስ የሚለው።

ኢንስፔክተሯ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ክንዳቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ፤ መዳፋቸውን ጋሽ ገብረ ሕይወት የነበሩበት ቦታ፣ ከጀልባዋ ሥር አሳረፉ።

«አስነሺያት» አሉ።

«ይቅርብዎ፤ በማርያም ይቅርብዎ።»

«ልጄ፣ አንቺ የሠራሽውን አንቺ ካላመንሽ ማን ይመንልሽ? አስነሺያት።»

ጸደንያ ሪሞቱን አነሳች። አውራ ጣቷ አልታዘዝ አላት፤ ዓይኗን ጨፍና ገፋችው። ሞተሩ ያለ ድምፅ ዞረ፤ ጀልባዋ የገንዳውን ግድግዳ ገጨች፤ ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ዓይኗን ስትገልጥ ኢንስፔክተሯ ክንዳቸውን በነጠላቸው እያደረቁ ነበር።

«ብርድ ነው የሚገድለው» አሉ። ወዲያው ግን ማላመጣቸውን አቆሙ። «ማክሰኞ ባትሪው አልቆ ነበር ብለሽ ለፖሊስ ቃል ሰጥተሻል። አሁን በምን ሄደች?»

ጸደንያ መለኪያውን አየች። ባትሪው ሙሉ ነበር። መብራቱ ደግሞ እስካሁን አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ኢንስፔክተሯ ወርክሾፑን እንደ ጠፋ መርፌ ፈለጉት፤ የሚፈልጉትን ግን አልነገሯትም። ርግቦቹን ገልብጠው አዩ፤ የጣራውን ማገር አዩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር በሚያዋስነው ግድግዳ ሥር፣ ጉልበት በሚደርስ ቦታ፣ ራስ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፤ አየር እንዲገባ የተተወ ነው። ዙሪያው በጥቁር ጥላሸት ተቀብቷል። ጣታቸውን አሻሹበትና አሸተቱት፤ የቀዳዳውን ሻካራ ጠርዝ የያዘ የጆንያ ክር ነቅለው በመሐረባቸው ቋጠሩ።

የሟቹ ባለቤት ፈንታነሽ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣለች። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ አራስ እህቷ ዘንድ ከሴቶቹ ጋር ስለዋለች ስለ ወርክሾፑ የምታውቀው ነገር የለም። ባሏ ጥዋት ሲወጣ መብራት ባይኖርም ባትሪውን ለመሙላት መላ አላጣም ብሎ ስቆ እንደ ሄደ ተናገረች። መርዶውን ያመጡላት ቄስ ፍቅረ ሥላሴ ናቸው፤ ከሷ በላይ አለቀሱ። ጸደንያ ልትስማት ጎንበስ ስትል ፈንታነሽ ጉንጯን አልሰጠቻትም። ቀስ ብላ ብቻ «የእጅሽ ሥራ ነው ወይ?» አለቻት። ጸደንያ ነጠላዋን ተከናንባ ከድንኳኑ ወጣች።

የመለዋወጫ ነጋዴው ሐጂ ከሊፋ ሱቅ ከወርክሾፑ ጀርባ ነው፤ ባትሪዎቹን የሸጡላቸው እሳቸው ናቸው። ኢንስፔክተሯ ሱቁን ዞር ዞር ብለው አዩና ጥግ ላይ የተከመረውን ሸራ በጃንጥላቸው ጫፍ ገለጥ አደረጉ። ሥሩ ጄኔሬተር ነበረ። የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ። ረቡዕ ጥዋት ለገብረ ሕይወት ያዋሱት እሳቸው መሆናቸውን፣ ከከሰዓት በኋላው ሶላት ሲመለሱ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ገና እንደጋለ እንዳገኙት፣ እሱው መለሰው ብለው እንዳሰቡ ተናገሩ። ወዲያው የሞቱን ወሬ ሲሰሙ ደነገጡ፤ ሕዝቡ ማሽን ገደለው እያለ ሲጮህ የኔ ማሽን ነው ማለት አስፈራቸው። ጸደንያ ይህን ስትሰማ ከማሽኑ ፈቀቅ አለች። ጄኔሬተር ሃያ አራት ቮልት አይደለም፤ ሰው ይገድላል።

ቄስ ፍቅረ ሥላሴን ያገኟቸው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዋርካ ሥር ነው። ነገ በከተራው ታቦት አክብረው እንዲሸከሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረጡት እሳቸው ናቸውና ሰው ሁሉ ከፊታቸው ዝቅ ይላል። ረቡዕ ከቅዳሴው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ መቅደስ ውስጥ እንደነበሩ ተናገሩ፤ ውሸትም አልነበረም።

«እኔ የቤንዚን ሰው ነኝ» አሉ። «ቤንዚን ይሸታል፣ ይጮኻል፣ መጣሁ ይልሃል። ይኼ ኤሌክትሪክ የሚሉት ግን አይታይ፣ አይሰማ። ውሃ ውስጥ እንደሚገድል ሕፃንም ያውቀዋል። ለገብረ ሕይወት ስንት ጊዜ ነገርሁት።» ከዚያም ወደ ጸደንያ ዞር ብለው «ልጅቱ ሳታውቅ ያደረገችው ነው። ምሕረት ይደረግላት» ብለው ለመኑላት።

ደግነታቸው ጸደንያን አስለቀሳት። ኢንስፔክተሯ ግን ቆሎውን ጉንጫቸው ውስጥ እንደያዙ ማላመጥ አቁመዋል።

ሲመለሱ ሬሳውን ካገኘችበት ቅጽበት ጀምሮ ያየችውን፣ የሰማችውን፣ የነካችውንና የነካትን ሁሉ አንድ ሳታስቀር እንድትነግራቸው ጠየቋት። ጸደንያ ያን ቅጽበት መልሳ ማየት አልፈለገችም። ሆኖም ተናገረች፤ የበሩን፣ የርግቦቹን፣ የዘንጉን ጩኸት፣ አንገቷን የነካትን ቅዝቃዜ። ኢንስፔክተሯ የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ ሬሳውን የመረመረውን ሐኪም ሊያነጋግሩ ሆስፒታል ሄዱ፤ ቀብሩም ከሰዓት በኋላ ተፈጸመ።

ዓርብ ቀትር ላይ ከተማው ነጭ ለብሷል። የታቦቱ ድንኳን ከጥምቀተ ባሕሩ ዳር ተተክሏል፤ ወጣቶቹ መንገዱን ይጠርጋሉ። ኢንስፔክተር ፀሐይነሽ ፈንታነሽን፣ ሐጂ ከሊፋን፣ ቄስ ፍቅረ ሥላሴንና ጸደንያን ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰቡ። ሁለት ፖሊሶች ከበሩ ውጭ ቆሙ። ጸደንያ ከገንዳው ርቃ ግድግዳ ተደገፈች፤ ዛሬ ወይ ነፃ ትወጣለች ወይ ሰው ገዳይ ተብላ ትኖራለች። 

«በርግቦቹ ልጀምር» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ጣራው ሥር የሚያድሩ ርግቦች ናቸው። ገንዳው ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ በአየር በርሮ ማገር ላይ ያለች ርግብ አይገድልም። መልአኩም ቢቆጣ ከርግብ ጋር ጠብ የለውም። ሰውዬውንም ርግቦቹንም የገደለ አንድ ነገር ካለ እሱ አየሩ ውስጥ ነበር።»

ቀዳዳውን በጃንጥላቸው አመለከቱ።

«መብራት የለም፤ ባትሪው ግን ሞልቷል። እንግዲህ እዚህ ጄኔሬተር ሲሠራ ውሏል። ሐጂ፣ የእርስዎ ነው። ገብረ ሕይወት ነባር መካኒክ ነው፤ የጄኔሬተር ጭስ እንደሚገድል ያውቃል። ስለዚህ ጭሱ በቀዳዳው እንዲወጣ አፉን ወደዚያ አዙሮ አቆመው። ጥላሸቱ ይኸው። በሩንና መስኮቱን ግን ዘጋ፤ ቅዳሴ ነዋ፣ ድምፅ አይውጣ።»

«ጭሱ ከወጣ ታዲያ ምን ገደለው?» አሉ ሐጂ ከሊፋ።

«አልወጣማ። አንድ ሰው ቀዳዳውን ከውጭ በጆንያ ወተፈው። ጭሱ ወደ ውስጥ ተመለሰ፤ ሽታውን እንደሆነ ለምዶታል፤ ራሱን ሲያዞረው ጾሙ መሰለው። ሐኪሙ ደሙ ከልክ በላይ ቀልቶ አገኘው፤ የጭስ ምልክት ነው።»

ጸደንያ ከግድግዳው ቀና አለች። መጋጠሚያው አልነበረም። በፕላስተር የጠቀለለችው ሽቦ አልነበረም። ማልቀስ ፈለገች፤ ግን ፍርሃቱ ገና አልለቀቃትም፤ ቀስ ብሎ ከራሷ ወደዚህች ጠባብ ክፍል ሲዘዋወር ታወቃት። ከነዚህ ሰዎች መካከል አንዱ ነው።

«ከዚያ» አሉ ኢንስፔክተሯ «ያ ሰው መጥቶ የሆነውን አየ። ጄኔሬተሩን በጋሪ ገፍቶ ሐጂ ደጃፍ አደረሰ፤ ጆንያውን ነቀለ፤ መስኮቱን ከፈተ፤ ባትሪውን ጀልባዋ ውስጥ አስገብቶ ገንዳው ላይ አሳረፋት። ወዳጁን ጎትቶ ውሃው ውስጥ ነከረ። ኤሌክትሪክ ገደለው እንዲባል። ማነው ይህ ሰው? ጸደንያ ቢቸና ነበረች፤ ደግሞስ ጣት ሁሉ ወደ ራሷ እንዲጠቁም ማን ያመቻቻል? ፈንታነሽ አራስ ቤት ነበረች። ሐጂ ከሊፋ ባትሪ ሲሸጡ ሁለቱን ጫፍ በባዶ እጃቸው ይዘው ነው፤ ይህ ባትሪ ዝንብ እንደማይገድል ያውቃሉ። ጄኔሬተሩንም ደጃፋቸው አያስቀምጡትም ነበር። ይህን ድራማ የሠራው የባትሪ ኤሌክትሪክ ውሃ ውስጥ ሰው ይገድላል ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው ነው።»

ቄስ ፍቅረ ሥላሴ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ቀዳዳው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው የሚከፈተው። የወተፈው ግቢው ውስጥ የነበረ ሰው ነው። የሞተሩ ድምፅ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ሰው ነው፤ አይሰማም ብሎ ቃል የገባ። አባ፣ ረቡዕ ቆርቤያለሁና ውሃ አልነካም ብለው ደፉ ላይ ቀሩ። ልክ ነበሩ፤ የቆረበ አይነካም። ታዲያ ጸደንያን ሲያቅፏት እጅጌዎ ስለ ምን ርሶ ነበር?»

ቄሱ እጅጌያቸውን አዩ፤ ዛሬ ደረቅ ነበር።

«ለቅዳሴው ብዬ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግቢ ስገባ ድምፁ በቀዳዳው ይወጣል። አምና የሆነው ታወሰኝ። ጆንያ ወሸቅሁበትና ገባሁ። ለአንድ ቅዳሴ ምን ይሆናል አልሁ። ስመለስ ወድቋል። ነፍስ ያጠፋ ካህን ሳያውቅም ቢሆን ክህነቱ ያበቃል፤ ታቦት አይሸከም፣ መስቀል አይዝ። ፈራሁ። እሱ እንደሆነ አንዴ ሞቷል፤ ሬሳውን ውሃ ውስጥ ባደርገው ምኑ ይጎዳል አልሁ።»

«ጸደንያስ?» አሉ ኢንስፔክተሯ።

«ምሕረት እለምንላታለሁ ብዬ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ጃንጥላቸውን ገንዳው ጠርዝ ላይ አሳረፉ። ሊናገሩት ያልፈለጉት ነገር እንዳለ ጸደንያ ከፊታቸው አነበበች።

«አንድ ነገር ቀርቷል፣ አባ። ሐኪሙ ሳንባውን ሲያየው ውሃ ነበረበት፤ የዚህ ገንዳ ውሃ። ጭሱ ጥሎታል እንጂ አልጨረሰውም። የሞተ ሰው ውሃ አይስብም።»

ቄሱ መጀመሪያ አልገባቸውም። ኢንስፔክተሯን አዩ፤ ገንዳውን አዩ፤ ከዚያ ሁለት እጃቸውን። «ትንፋሽ ነበረው?» ያሉት ድምፅ የሳቸው አይመስልም ነበር። መስቀሉ ከእጃቸው ሲወድቅ ማንም አላነሳውም።

እስካሁን አንገቷን ደፍታ የነበረችው ፈንታነሽ ተነሳች። ሁልጊዜ እግራቸው ሥር ዝቅ ብላ መስቀል የምትሳለማቸው፣ አንቱ ብላ የምታከብራቸው ሰው ፊት ቆመች።

«ስሙን ጠርተኸው ነበር?» አለች። «ወድቆ ስታየው አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ ገብረ ሕይወት ብለህ ጠራኸው?»

ቄስ ፍቅረ ሥላሴ ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ። አልጠሩትም ነበር፤ ሰው እንዳይሰማ ብለው።

ፈንታነሽ ወደ ጸደንያ ሄዳ አጠገቧ ቆመችና እጇን ፈልጋ ያዘች። ውጭ ከፖሊሶቹ ጋር የሚነጋገር ዲያቆን ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ታቦቱ ሊነሳ ነው፣ አባ ይምጡ ተብለዋል ይላል።